ፊልትሮው ላይ የተጣበቀው ተልባ

ፅዮን የሞተሩን ኮርቻ አንስታ የፊልትሮውን ሣጥን ስትከፍት እጇን ሰበሰበች። ሁልጊዜ ከዚያ የሚወጣው ደረቅ የመንገድ አቧራ ነበር። ዛሬ ግን ክዳኑ ሲነሳ ጭቃ ውሃ ጫማዋ ላይ ተንዠቀዠቀ።

«እንዴ!» አለች ለብቻዋ።

ሞተሩ የአባቷ የኪዳነ ነው። የእንስሳት ሐኪም ስለሆነ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው በሱ ነው። የአየር ማጣሪያውን፣ ማለትም ፊልትሮውን፣ በየሳምንቱ ማጠብ ደግሞ የፅዮን ሥራ ነው። ስፖንጁን በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ ሳይጠመዝዙ መጭመቅ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ ዘይት አጠጥቶ መልሶ መግጠም። ያስተማራት አባቷ ራሱ ነው። ሰሞኑን ለስብሰባ በአውቶቡስ ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሲሄድ የሞተሩን ቁልፍ ቤት ትቶ፣ «ማንም እንዳይነካው» ብሎ ነበር።

ስፖንጁን አወጣችው። ከብዷል። የሚያዳልጥ ነገር ጣቷን ነካት። ወደ ብርሃኑ አዙራ ስታየው ጭቃው መሃል ቡናማ ፍሬዎች ተጣብቀዋል፤ ውሃ ጠጥተው ያበጡ፣ የሚዝለገለጉ።

ተልባ ነው።

ትናንት አሮጊቷ እትዬ አመተሥላሴ ተልባቸውን ተሸክመው ወደ ሞላሌ ገበያ ሲመጡ ወንዙ ማቋረጫ ላይ ሞተር ገጭቷቸዋል። እግራቸው ተሰብሯል። ተልባው ከነስልቻው ውሃው ላይ ተበትኗል። ነጂው አብሯቸው ወድቆ ነበር፤ ግን ሞተሩን አንስቶ፣ በስንት መከራ አስነስቶ፣ እሳቸውን እዚያው ጥሏቸው ሄደ። ሄልሜት አጥልቆ ስለነበር ፊቱን አላዩትም። መንገደኛ ደርሶ ነው ከውሃው ያወጣቸው።

ይኼን ወሬ እራት ላይ የነገረቻቸው እናቷ ጌታነሽ ነበረች። «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!» ብላ ነበር ፅዮን። ታላቅ ወንድሟ አትናቴዎስ አንገቱን ደፍቶ ይበላ ነበር።

«ፅዮን!»

የጊቢውን በር ገፍታ የገባችው ኮከቤ ናት፣ ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው። ፅዮን ሳታስበው ስፖንጁን ከጀርባዋ ደበቀችው።

«ወንድሜን ይታየውን ወሰዱት!»

«እነማን?»

«ፖሊሶች ናቸዋ! እትዬ አመተሥላሴን የገጨኸው አንተ ነህ ብለው። ትናንት በሞተሩ ሰው አድርሶ በዚያ በኩል ሲመለስ አይተነዋል ያሉ አሉ።» ኮከቤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ወንድሜን ታውቂው የለም? ሰው ገጭቶ ጥሎ የሚሄድ ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም።»

«ጣቢያ ልሄድ ነው። እማዬ ቆማ መሄድ አቅቷታል፤ አብረሽኝ ነይ።»

«ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ።» የገዛ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። ጭቃ ውሃው ከጀርባዋ ተረከዟ ላይ ይንጠባጠባል።

ኮከቤ ወጣች። ፅዮን ዞር ስትል አትናቴዎስ የፈተና መጽሐፉን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ በእጇ የያዘችውን አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«አንተ ነህ?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«አንተ ነህ ወይ አልኩህ!»

«በማርያም፣ አላየኋቸውም! ላይኛው አገር ዘንቦ ውሃው ሞልቶ ነበር፤ ፍሬን ስይዝ አንሸራተተኝ። እኔም እኮ ወድቄያለሁ።»

«ከወደቅክ በኋላስ? አላየኻቸውም?»

ወደ ጊቢው በር ተመለከተ።

«አትናቴ፣ ሲጮሁ አልሰማህም?»

«ሰማሁ» አለ በጣም በቀስታ። «ደነገጥኩ። እመለሳለሁ ብዬ ነበር።»

ፅዮን ደግ ሰው ሲባል የምታውቀው እሱን ነበር። አንድ ጊዜ ትኩሳት ጥሏት ጤና ጣቢያ ድረስ አዝሎ የወሰዳት እሱ ነው። ያንን ጀርባ፣ ውሃ ውስጥ ለወደቁ አሮጊት ሰጥቶ ሲሄድ ታያት።

«ፅዮንዬ፣ እጠቢውና ግጠሚው» አለ ቀረብ ብሎ። «ፈተናው እስኪያልፍ ብቻ። ከዚያ ራሴ እናገራለሁ።»

«ይታየውስ?»

«ምንም አያገኙበትም። ይለቁታል።»

«ባይለቁትስ?»

መጽሐፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

ነጭ ጋዙ በጣሳ ተቀድቶ እግሯ ሥር ነው። ስፖንጁን ነክራ ብትጨምቀው ተልባውም ጭቃውም ይወጣል፤ ማንም አያውቅም። አጎንብሳ ጣሳውን አነሳችው። ከዚያ ጋዙን ወደ ጠርሙሱ መልሳ ገለበጠችውና ክዳኑን አጠበቀች።

ስፖንጁን እንዳለ ፌስታል ውስጥ ከተተችው።

«ኮከቤ ጋ ልሄድ ነው። ይኼን ይዤ።»

«ወንድምሽን አሳልፈሽ ልትሰጪ?»

«አንተ ራስህ ብትናገር ነው የምፈልገው።» ፌስታሉን ቋጠረችው። «እኔ ግን የኮከቤን ዓይን እያየሁ መዋሸት አልችልም።»

ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አትናቴዎስ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ ከሁሉ የበለጠ ያስደነገጣት ይኼ ነው። ልትሄድ ብላ መሄድ አቃታት። የጊቢው በር አጠገብ ቆማ ጠበቀችው።

ሲነሳ አላያትም። ፊቱን በሸሚዙ ጠረገና የሞተሩን እጀታ ያዘ።

«እንዳታስነሳው» አለችው። «ፊልትሮ የለውም።»

«አውቃለሁ።»

እየገፋ ከጊቢ አወጣው። ወደ ፖሊስ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ፅዮን ፌስታሉን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ከኋላ ትገፋለች። አላፊ አግዳሚው «ምን ነካው? ተበላሸ እንዴ?» ይላቸዋል።

መታጠፊያው ላይ ኮከቤ ቆማ ትጠብቃታለች። ሞተሩን አየችው። አትናቴዎስን አየችው። ከፌስታሉ የሚንጠባጠበውን ጭቃ አየችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አትናቴዎስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፅዮን መግፋቷን አላቆመችም።