ሎሚ ይዛ የመረመረች

የመምሬ ሀብተ ሥላሴ ሬሳ በጀልባዋ ወለል ላይ በሸራ ተሸፍኗል። ጀልባዋም ወደ ፊት አትሄድ፣ ወደ ኋላ አትመለስ፤ የሐይቁ አረም እንቦጭ ሞተሯ ላይ ተጠምጥሞ መሀል ጣና ገትሯታል፣ ማዕበሉ ባለችበት ይንጣታል። ባለ ጀልባው ክንዱ ወደ ባሕር ዳር ደውሎ ጎታች ጀልባ ጠርቷል። ጎታቹ እስኪመጣ አራት ሰዎች ከሬሳ ጋር በፀሐይ መታፈናቸው ነው።

ከአራቱ አንዷ ኢንስፔክተር ወለላ ናት። ሽፍታ የማይበግራት ሴት፣ ውኃ ሲነቀንቃት ታሳዝናለች። ስለዚህ ከፊት ተቀምጣ፣ ሎሚ አፍንጫዋ ሥር ይዛ፣ ዓይኗን ማዶ ካለው ኮረብታ አትነቅልም። ከኋላዋ የሆነውንም ያላየች እሷ ብቻ ነበረች፤ አሁን በዚህ ተናዳለች።

የሆነው ይህ ነው። መምሬ ደሴቱ ገዳም ለመቀደስ ጣናን ሲሻገሩ ሁሌም ያቅለሸልሻቸዋል። ዛሬ ግን ከኋላ ተቀምጠው ብቻቸውን ማውራት ጀመሩ። «መነኮሳቱ መጡ፣ ልቀበላቸው» ብለው ተነሡና እንቦጩን መስክ መስሏቸው ረገጡት። ክንዱ ዘሎ ገብቶ እስኪያወጣቸው አለፉ።

«ክኒን ሰጥታቸው ነው» አለ ዲያቆን ይትባረክ ወደ ወንጌላዊት እየጠቆመ። «ወደቡ ላይ ከእጇ ተቀብለው ሲውጡ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ወንጌላዊት የከተማ ፋርማሲስት ናት፤ ለሱባኤ ነበር የመጣችው። «ለማቅለሽለሽ የሚሆን ክኒን ነው፤ ሰው አይገድልም» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «እትዬ ወለላ፣ ስንደርስ እኔን ነው የሚያስሩኝ። እናቴ ከኔ ሌላ ጧሪ የላትም።»

«ቆይ ልጄ፣ ማንም አላሰረሽም። ካላየኋችሁ አትቀየሙኝ፤ ከዞርሁ ሆዴ ይገለበጣል። ክንዱ፣ መምሬ ሌላ ጊዜ የት ነበር የሚቀመጡት?»

«ከፊት ነዋ፣ እርስዎ ያሉበት። ዳር ዳሩን እያዩ ሎሚ ያሸታሉ። ዛሬ ግን ‹ምንም አላለኝ› ብለው ከኋላ ተቀመጡ።»

«ከንፈራቸውስ?»

«ደርቆ ይልሱት ነበር። ውኃ ልስጥዎ ብላቸው ተቆጡኝ።»

«ጥምጣማቸው?»

«እስከ ጆሯቸው ወርዷል። እሳቸው እንኳ ዜማ ልስማበት እያሉ ከጆሮ በላይ ነበር የሚጠመጥሙት። ዛሬ የጠመጠመላቸው ዲያቆኑ ነው።»

«ብቻቸውን ሲያወሩ ሌላስ ምን አሉ?»

ክንዱ ዲያቆኑን በጎን አየው። «‹በቁርባን ያገባትን የዱርቤቴዋን ልጅ ጥሎ ሌላ አገባ፤ አልደብቅም፣ ለአበምኔቱ እናገራለሁ› ይሉ ነበር። ቅዠት መስሎኝ ነው።»

ወለላ ሎሚውን አንዴ በረጅሙ ሳበች። ሰው ሰብስቡልኝ ማለት አላስፈለጋትም፤ ማን ወዴት ይሄዳል? የፈራችውን አደረገች፤ ዞረች። ፊቷ አመድ መሰለ፣ ዓይኗ ግን ይትባረክ ላይ ቀረ።

«የጾም ቅዳሴ ከሰዓት ነው» አለች። «የሚቀድሱት መምሬ ነበሩ፤ እስከዚያ ውኃም አይቀምሱም። ውኃ ሲሰጧቸው የሚቆጡ ቄስ ክኒን ሲውጡ አየሁ አልህ። አንተ ዲያቆን ነህ፤ እንዴት ዝም አልህ?»

ይትባረክ ከሸራው ፈቀቅ አለ።

ወለላ ሸራውን ገልጣ የመምሬን ነጠላ ጫፍ ፈታች። ቋጠሮው ውስጥ ክኒኗ ከነሽፋኗ አለች። «የልጅቱን ፊት ላለመመለስ ተቀበሏት፣ ለመመለሻቸው ቋጠሯት። እንግዲህ ያዞራቸው በአፍ ያልገባ ነገር ነው።» የረጠበውን ጥምጣም ከፍ አደረገችው። ከሁለቱም ጆሮዎች ጀርባ ክብ ልጥፎች ተደርድረዋል።

ወንጌላዊት አፏን ያዘች። «የጉዞ ልጥፍ ነው፤ መድኃኒቱ በቆዳ ቀስ ብሎ፣ በሰዓታት ነው የሚገባው። አንዱ ብቻ ማቅለሽለሽ ያስቆማል። ሲበዛ አፍ ያደርቃል፣ ሽማግሌ ያስቃዣል። ይትባረክ... ‹እናቴን ወደ ጎንደር ስትሄድ መኪና ያማታል› ብለህ ነው ከእኔ የገዛኸው። ለሽማግሌ እንዳታደርግ፣ አእምሮ ያስታል ብዬሃለሁ።»

«ምክንያቱን መምሬ ራሳቸው ነግረውናል» አለች ወለላ። «ዱርቤቴ በቁርባን ያገባሃትን ጥለህ ሌላ አግብተሃል። አበምኔቱ ይህን ከሰማ ልትቀበል ያሰብኸው ቅስና ቀረ። ትናንት ማታ ‹ይህ በአፍ አይገባም፣ ጾም አይፈታም› ብለህ ለጠፍህላቸው፣ ጠዋት በጥምጣም ሸፈንኸው። እሳቸውም አመኑህ።»

ይትባረክ ተነሥቶ ወደ ውኃው አየ። ዙሪያውን እንቦጭ ብቻ ነው፤ መምሬን የዋጠው አረንጓዴ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንዲሞቱ አልፈለግሁም» አለ። «አበምኔቱ ፊት እንዲቀባዥሩ ነው የፈለግሁት። የሚቀባዥር ሽማግሌ ማን ያምናል ብዬ።»

«እኛ አመንናቸው» አለች ወለላ፤ ከዚያ ወደ ጀልባዋ ጠርዝ ሮጣ አስመለሳት።

ወንጌላዊት ግንባሯን ያዘችላት። ስታበቃ አፏን አበሰችላትና ቀስ ብላ፦ «ነፃ ወጣሁ አይደል፣ እትዬ?» አለቻት።

«ወጣሽ።»

«ልጥፉን የሸጥሁለት ግን እኔ ነኝ።»

ወለላ ሎሚውን ለሁለት ሰንጥቃ ግማሹን ሰጠቻትና አጠገቧ፣ መምሬ ሌላ ጊዜ ከሚቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀመጠቻት። ጎታቹ እስኪመጣ ሁለቱም ዳሩን እያዩ ሎሚ አሸተቱ።