የአታ ቦታና የግድግዳው ባህር

አታ የሻይ ሲኒያቸውን ይዘው ዛሬም በሩ አጠገብ፣ ጫማ ከተደረደረበት ጎን ቁጭ አሉ። ቢቢናዝ ጣቷ ላይ የደረቀውን ሰማያዊ ቀለም እየላጠች አያቷን በዓይኗ ተከተለቻቸው። ከበሩ ፊት ለፊት ዕድሜ ልካቸውን የተቀመጡበት የክብር ቦታ አለ። ወፍራሙ ፍራሽና ሁለቱ ትራሶች ባለቤት እንደሌላቸው ባዷቸውን ቀርተዋል። ከፍራሹ በላይ ደግሞ ግድግዳውን ሙሉ የያዘው እሷ የሳለችው ባህር ነው።

«አታ፣ እዚያ ብርድ አለ እኮ» አለች።

«ይመቸኛል» አሉ አያቷ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

መቼም በከተማቸው በሞይናቅ የቤቱ ሽማግሌ በር ሥር ተቀመጠ ማለት ቀልድ አይደለም። በር ሥር የሚቀመጠው ሻይ የሚቀዳው ልጅ ነው። ነገ ደግሞ ታላቅ እህቷን ሺናርን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እንግዶቹ ከአታ በላይ እንዳይቀመጡ ነውር ነው፤ እሳቸው ጋ እንዳይደረደሩ ቦታውን የያዘው ጫማ ነው።

«ነገም እንዲህ ከተቀመጡ አለቀልኝ» አለች ሺናር፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሊጥ እየዳመጠች። «አያታቸውን ከጫማ ጋር የሚያስቀምጡ ሰዎች ብለው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ይወጣሉ። ይህን ሁሉ ያመጣው ያንቺ ሥዕል ነው።»

«የኔ ሥዕል ምን አደረጋቸው?»

«እኔ ምን አውቄ? ከተሳለ ወዲህ ነው።»

ቢቢናዝ ጣቷ ላይ የቀረውን ቀለም መላጧን ቀጠለች። እህቷ ውሸቷን አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎኑን ፏፏቴ ባለበት የግድግዳ ወረቀት ሲያስጌጥ፣ እናቷ «እኛስ ባህር ይኑረን» ብላ ከኑኩስ ከተማ አክሪሊክ ቀለም አስመጣችላት። ባህር ታውቃለች እንዳትሉ፤ ባህሩ ደርቆ ከከተማቸው የሸሸው እሷ ሳትወለድ ነው። እሷ ከደጅ የምታውቀው አሸዋና ቁጥቋጦ ብቻ ነው። የማዕበል አሳሳልን የተማረችው ከስልክ ነው፤ መጀመሪያ ጥቁር ሰማያዊ፣ እሱ ሲደርቅ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ አረፋውን በስፖንጅ። አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ በተሳሳተች ቁጥር በላዩ ላይ ትደርብበታለች። ትልቁ ማዕበል ያለቀ ቀን እናቷ ጎረቤት ጠርታ አሳየች። አታ ግን ጉልበት በነበራቸው ጊዜ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ቆመው ብዙ አዩትና «አዎ፣ ባህር ነው» ብለው፣ ፍራሻቸውን ትተው በሩ ጋ ተቀመጡ።

ምን ማለታቸው ነው? ጠሉት? ቅር አላቸው? ቀለሙ ይሆናል ብላ ሰማያዊውን ግራጫ አደረገችው። አታ ወይ ፍንክች። ማዕበሉ ከብዷቸው ይሆናል ብላ ትንሽ ዝቅ አደረገችው። እሱም አልሠራም። ጀልባ ጨመረችበት፤ ከዚያ ደግሞ የሞቱ ጓደኞቻቸውን አስታወስኳቸው ይሆናል ብላ ደንግጣ አጠፋችው። አሁን እሷ ብቻ ሳትሆን ባህሩም ግራ የገባው ይመስላል።

«ለምን ራሳቸውን አትጠይቂያቸውም?» አለች ሺናር።

«ቢቆጡስ?»

«ቢቆጡ ይሻላል። እኔን የገደለኝ ዝምታቸው ነው።»

ቢቢናዝ ሄዳ ጫማዎቹን ገፋ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አታ፣ ሥዕሉ ካስቀየመዎት ይንገሩኝ። አጠፋዋለሁ።»

«ማን አስቀየመኝ አለሽ?» ዓይናቸውን ከግድግዳው አላነሱም። «አረፋው ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ሰማያዊ ይሻል ነበር እንጂ። ጀልባውንስ ምን ነክቶሽ አጠፋሽው?»

አሁን ጭራሽ ነገሩ ተምታታባት። «ታዲያ ለምን ቦታዎ ላይ አይቀመጡም?»

አታ እንደ ሞኝ አዩዋት። «ለባህር ጀርባ ይሰጣል እንዴ? እኛ ጀልባ ላይ እያለን ለማዕበል ጀርባውን የሰጠ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አለቃችን በጥፊ ማጅራቱን ነበር የሚለው። አንቺ ደግሞ ያን የሚያህል ማዕበል ልክ ከጀርባዬ አመጣሽብኝ።»

«አታ፣ ሥዕል እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ጀርባዬ ግን እሺ አላለኝም።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ደግሞ እዚያ ብቀመጥ አላየውም። ናፍቆኝ ነበር፣ ልጄ።»

ቢቢናዝ ይህን ሁሉ ቀን የጠሉት መስሏት ነበር፤ እሳቸው ለካ ሲያዩት ነው የከረሙት። ቀና ብላ በሩ ጎን ያለውን ግድግዳ አየችው። ካፖርት የሚሰቀልበት ነው፤ ጠባብ ስለሆነ እስከ ምሽት ተስሎ ይደርሳል። የክብሩ ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ የሚያየው እሱን ነው።

ነጩን ቀለም ስታመጣ እናቷ ተከትላት ገባች። «ምን ልታደርጊ ነው?»

«ባህሩን ወደዚህ ላመጣው።»

«አብደሻል? ያን ያህል የደከምሽበትን? እንግዳ ገና ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያኛው ግድግዳ ላይ ነው። በር ሥር ማን ያይልሻል?»

«አታ» አለች ቢቢናዝ።

እናቷ ወደ ሽማግሌው ዞራ አየችና የነጩን ቀለም ክዳን ራሷ ከፈተችላት።

ቢቢናዝ ሰፊውን ብሩሽ ነጩ ውስጥ ነከረች። አላሳዘናትም ማለት ውሸት ነው። የድሮውን ባህር ለመሸፈን ከትልቁ ማዕበል ጀመረች። ሰማያዊው በነጩ ሥር እየታየ ስላስቸገራት ደጋግማ ቀባችው። ሲያልቅ ካፖርቶቹን ከሚስማሩ አውርዳ ለሺናር አሸከመቻት።

«አታ፣ ከዚህ ይነሱልኝ። ግድግዳውን እፈልገዋለሁ።»

«ወዴት ልሂድ?»

«ወደ ቦታዎ።»