ከኋላ የምትቆመው ሴት

መጀመሪያ ያየሁት ጣቱን ቆርጦት ክሊኒክ የመጣ ዕለት ነው። ሥራው ፍሪጅ ጥገና ነው፤ እኔ ነርስ ነኝ። ቁስሉን ስሰፋለት ፊቴን ሲያይ ቆየና፦

«እኛ ቡድን ውስጥ ብትሆኚ ከኋላ ነበር የማቆምሽ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ለምን? ከፊት መቆም ይበዛብኛል?» ብዬ ክሩን ትንሽ ጠበቅ አደረግኩት።

«ኧረ ቀስ... ሐኪም እኮ ከኋላ ነው የምትቆመው። እሷ ከወደቀች ሁላችንም አለቀልን።»

ለካ የሚያወራው ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ ኖሯል። ስድስት መንገደኞች ዋሻ ለዋሻ እየዞሩ ጭራቅ የሚዋጉበት፣ ሥዕሉ የደበዘዘ የድሮ ጨዋታ። ክሩን ሊያስወጣ ሲመለስ ሳቅኩለት። በዓመቱ ቀለበት አሰረልኝ።

ለሠርጋችን ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ እሑድ እናቱ ቤት ምሳ ቀርቦ ልጠራው ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ «አይዞሽ ጤናዬ፣ እኔ አለሁ» ይላል።

ጤናዬ የቡድኑ ሐኪም ናት። ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ሥዕል። በሥዕል ልቀና ነው? ብዬ ራሴን ታዘብኩት።

እህቱ ግን አላስቻላትም። ሳህን እያጠብን ሳለ «ጤናዬን እኮ ከስምንት ዓመት በፊት የፈጠረቻት የድሮ እጮኛው ናት፤ ስሟንም ያወጣችላት እሷው ናት» አለችኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ! እኔን በር ድረስ ይሸኘኝና ተመልሶ አይዞሽ የሚለው እሷን ነው።

«ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ ቀለበቱን ላውልቅ» አልኩት።

አልተከራከረኝም። ጤናዬን የመንገደኞች ማረፊያ ቤት ተዋትና በአምስት ሰው ዋሻ ገባ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁ። አንዱ ቆሰለ፤ የሚያክመው የለም። ሌላው ወደቀ። ከዚያ ሁሉም አለቁ። በዚያ ጨዋታ ደግሞ የሞተ አይነሣም።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያቺን የድሮዋን አሁንም ትወዳታለህ?»

«እሷማ አራተኛው ዋሻ ላይ ሰለቸኝ ብላ ሄደች። ከጨዋታውም፣ ከእኔም። ያኔ አብረውኝ የቀሩት እነዚህ ስድስቱ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ...»

አፈርኩ። ቅናቱ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ምን እዋሻለሁ። ወንበሬን አስጠጋሁና «አዲስ ክፈት» አልኩት።

ስድስት ባዶ ቦታ መጣ።

«መቼስ አንቺ ሐኪም ነሽ» አለ።

«ቀኑን ሙሉ ሳክም ነው የምውለው። ለእኔ ሰይፍ ስጠኝ። ሐኪሙ አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። ከኋላዬ ቁም። አንተ ከወደቅክ እኔም አለቀልኝ።»

የሰፋሁለትን ጣቱን ቀለበቴ ላይ አሳረፈ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሠርጉ በቀኑ እንደሚሆን ያኔ ሁለታችንም አወቅን።

ከዚያ ሴት ዝር እንዳትል ብዬ ቀሪዎቹን አራቱን ወንድ አድርጌ ፈጠርኳቸው። አንድ በአንድ ሲያያቸው ቆየ።

«ይሄ ጦር የያዘው መልከ መልካም ግን...» አለኝ፣ «የግድ አንቺ አጠገብ ነው የሚቆመው?»