የድልድይ አናጺው ትኩሳት

አናጺው የሞተው ሚስቱ ያቀረበችለትን ሾርባ ጎንጨት ብሎ ሳህኑን ሳያስቀምጥ ነው። ከድልድይ ሥራ፣ ወባ ካለበት ሩቅ በረሃ፣ ትኩሳት ይዞ ከተመለሰ ሳምንት አልሞላውም። የክሊኒኩ ምርመራ ደሙ ከወባ ነጻ ነው ስላለ ለእናቱ ሌላ ነገር አልታያትም። «መርዝ አብልታ ገደለችብኝ!» ብላ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው፤ የልጅ ልጇንም ከምራቷ እቅፍ ነጥቃ ወሰደች። ፖሊስ ሚስትየዋን ሊያስር ተዘጋጅቶ ሳለ መርማሪዋ ተጠራች።

ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እሜቴ ለምን» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ለማለት ግን ወኔ ያለው አልተገኘም። ሾርባውንና ከአስከሬኑ የተቀዳ ደም ለምርመራ ላከችና አስከሬኑ አጠገብ ቁጭ ብላ እጆቹን አገላብጣ አየች። የግራ እጁ የቀለበት ጣት ከሥሩ የለም።

«ይሄስ ምን ሆኖ ነው?»

«መጋዝ ነው፤ ሳንጋባ በፊት» አለች ሚስትየዋ። ለቅሶ ዓይኗን አሳብጦታል። «እትዬ፣ እኔ ምን አድርጎኝ እገድለዋለሁ? ልጄን ብቻ ይመልሱልኝ!»

«ክሊኒክ ማን ወሰደው?»

«ወንድሙ። ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደግፎ ነው ያወጣው።»

ድልድዩ ላይ አብሮት የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ወሰድኩት፣ ተመረመረ፣ መለስኩት። ሌላ ምን አለ?»

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ የልብ ማዳመጫውን በጣቱ እያፍተለተለ ጠበቃት። «ከእንዲህ ያለ ቦታ ተመልሶ ያተኮሰው ሰው ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ወባ ነው። ደሙ ነጻ ነው ሲሉኝ ግን ለታይፎይድ ማከም ጀመርኩ።»

«ለምን ምርመራውን አላስደገሙትም?»

«ማስደገም ነበረብኝ» አለ።

የላብራቶሪ ባለሙያው ግን ደረቱን ነፋ። «እኔ ጋ ስህተት የለም! ለሁሉም ያው ነው፤ ግራ እጅ፣ የቀለበት ጣት፣ አንዴ ጠቅ። ሌላ ጣት ነክቼ አላውቅም። ሰውየውማ እየሳቀ ነው የሰጠኝ፤ "ጨርሰህ እንዳትቀዳኝ" ብሎ ቀልዶብኛል።»

መርማሪዋ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ይህ ከእሷ ያልተለመደ ነው።

የምርመራው ውጤት ሲደርስ ሁሉንም በክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ሰበሰበቻቸው። እናትየዋ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፤ ሚስትየዋ ከፖሊሱ አጠገብ ቆማለች።

«ሾርባው ሾርባ ነው፤ መርዝ የለበትም» ብላ ጀመረች። «ከአስከሬኑ የተወሰደው ደም ግን ወባ በወባ ነው። ስለዚህ ወይ ባለሙያው ሳያየው አልፏል፣ ወይ ያየው የሌላ ሰው ደም ነው።»

ባለሙያው ብድግ አለ።

«ቁጭ በል፤ ልማድህ አድኖሃል። የወጋኸው የግራ እጅ የቀለበት ጣት ነው፤ ሟቹ ያ ጣት የለውም። ደግሞስ እየተንቀጠቀጠ በሰው ድጋፍ የወጣ ሕመምተኛ ማን ላይ ይቀልዳል? የሳቀው ጤነኛ ነበር። ከሟቹ ጋር የመጣው ጤነኛ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ወንድምየው ዞሩ።

«ደጅ አግዳሚው ላይ አስቀምጬው ላብራቶሪ በስሙ ገባሁ» አለ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ። «የምንሠራበት ድርጅት የምርመራ ውጤት ይጠይቃል፤ ወባ የተገኘበትን ያባርረዋል። ካምፑ ውስጥ ሁላችንም እንዲህ ነን፤ ጤነኛው ለታመመው ደም ያበድራል። ራሱ ነው የለመነኝ። በፊትም ያመውና በራሱ ይተወው ነበር።»

«ሐኪሙ ታይፎይድ ነው ሲልስ?»

«ነገ እናገራለሁ አልኩ። ከዚያ ሞተ። ከሞተ በኋላ ደግሞ ፈራሁ።»

«እሷ በመርዝ ስትወነጀልስ?»

ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። እናትየዋ የቀረውን ልጇን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ሕፃኗን ከጭኗ አወረደቻት። ሕፃኗም ሮጣ እናቷ ጉያ ገባች።

ሚስትየዋ ልጇን እቅፍ አድርጋ ወደ ወንድምየው ቀረበች። ትጮሃለች ብለው ነበር፤ አልጮኸችም።

«ለእኔ ሹክ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለችው። «ለድርጅቱ አብሬያችሁ እዋሽ ነበር እኮ። ለሐኪሙ ብቻ ነበር እውነቱን የምነግረው።»