ተዝካር የተባለው ጉዞ

«አላውቅም ነበር ትላለህ ደግሞ! አንተ አይደለህ ትናንት ሽማግሌዎቹን እብናት ድረስ ጭነህ የመጣኸው?»

«ተዝካር ነው ብለውኝ ነዋ!»

«የማን ተዝካር? የኔ ነዋ!» አለች ትዝታ፤ የጋቢናውን በር ልትከፍት ብላ ተወችው።

ፈንታሁን መኪናዋን ዳር አቁሞ መሪው ላይ ደረቀ። ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ የአንድ መሥሪያ ቤት አራት ሰዎች በእሱ አሮጌ መኪና ነው ሥራ የሚገቡት። ለቤንዚን ቁጠባ ነው ይላል። የምን ቁጠባ! መጀመሪያ ትዝታን ሊያነሳ ደብረ ታቦርን በጠዋቱ ይዞራታል። ሽማግሌውን ጋሼ ይሻውን እንኳ «ጋቢና ንፋስ ይገባል» ብሎ ኋላ ወረወራቸው። ከእሷ ጋር ብቻቸውን የሚሆኑባት አምስት ደቂቃ አለች፤ እሷንም «ዛሬ የጉና ብርድ ከፋ» እያለ ይጨርሳታል። ሁለት ዓመት እንዲህ! ዛሬም ጋሼ ይሻው ሲገቡ «እንኳን ደስ አለሽ ልጄ» ባይሏት አያውቅም ነበር።

ትናንት ጋሼ ይሻው ሁለት ሽማግሌ ጨምረው አስነዱት። እሱ ሆዬ ግቢው በር ላይ አቁሞ እንቅልፉን ለጠጠ። የማን ግቢ ነው ብሎ አልጠየቀም። ሲመለሱ ሽማግሌዎቹ ጠላ ጠላ እየሸተቱ ይስቃሉ። «ደስ የሚል ተዝካር ነው» አለ በሆዱ።

ለካ የትዝታ አባት ግቢ ነው። ለካ ጋሼ ይሻው ለወንድማቸው ልጅ ሊጠይቋት ነው የሄዱት።

«ትናንት አባቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ በመስኮት መኪናህን ሳያት» አለች ትዝታ ድምጿ ቀጥኖ፣ «አንተ የላክሃቸው መስሎኝ ሮጬ ቀሚሴን ቀየርኩ። የሌላ ሰው ስም ጠሩ።»

«ከዚያስ?»

«አንተ በር ላይ ተኝተሃል። እያወቅህ ያመጣሃቸው መሰለኝ። አባቴ ሲጠይቀኝ ተናድጄ እሺ አልኩ።»

ከኋላ ከጋሼ ይሻው ጎን የተቀመጠችው ባልደረባቸው ውዴ ቆሎዋን መቆርጠም አቆመች።

«አሁን እምቢ በያ! በማርያም!» አለ ፈንታሁን።

«አባቴ ቃል ሰጠ። ቀለበቱ እሁድ ነው።» አላየችውም። የነጠላዋን ጫፍ ግን ዓይኗ ላይ ያዘች።

ፈንታሁን ወደ ኋላ ዞረ። «አንቱ ጋሼ! እንደምወዳት አያውቁም ነበር?»

ጋሼ ይሻው ኮታቸውን ሰበሰቡ።

«አውቃለሁ እንጂ፣ ማን የማያውቅ አለ? የወንድሜ ልጅ ግን ሽማግሌ ሁኑኝ አለኝ፤ አንተ ምን አልከኝ? በል ንዳ፣ ፊርማ ሊነሳ ነው!»