ያልዘለለችው መኪና

«ለሠራተኞች በሙሉ! ለአምቡላንሷ ሁለት አዲስ የኋላ አሞርቲዛቶሪ መገጠሙን በከፍተኛ አብዮታዊ ስሜት እንገልጻለን።»

ማስታወቂያው ሰኔ 1976 ዓ.ም. አሰብ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በአራተኛው ቀን አምቡላንሷ ወደ በይሉል በሚወስደው መንገድ ላይ ተገለበጠች፤ ሾፌሩ ስለሺ ሞተ። የጋራዡ ኃላፊ ሣህሉ «ጠጥቶ ነው» ብለው ሪፖርት ጻፉ። ሪፖርቱ ከጸና የስለሺ ሚስት ታደለች ልጆቿን ይዛ ከመንግሥት ቤት ትወጣለች።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ብዙነህ መኪና መንዳት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሜካኒኩ ወደ ኑህ ነበር።

«ለመሆኑ አሞርቲዛቶሪ ሥራው ምንድን ነው?»

«ባሌስትራው፣ ያ ከሥሯ የተደራረበው ብረት፣ ጉድጓዱን ተቀብሎ መኪናዋን ያነጥራታል። አሞርቲዛቶሪው ‹በቃሽ› ይላታል።»

«ባይላትስ?»

ኑህ እጁን በጨርቅ ጠረገ። እጁ ንጹሕ ነበር። «ጎማው መሬት ይለቃል። መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም አይሰማም፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ።»

ብዙነህ ታደለችን ለቅሶ ላይ አገኛት።

«ስለሺ ይጠጣ ነበር?»

«ጨጓራው መች ያስጠጣዋል! ሎሚ በውሃ ነው የሚጠጣው። አሁን ልጆቹ ‹አባባ ሰክሮ ነው የሞተው?› ይሉኛል።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ሰሞኑን ወገቤን ወገቤን ይል ነበር። ‹መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች› አለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አዲስ ዕቃ ገባላት ካሉ ጀምሮ።»

በማግስቱ ብዙነህ ሣህሉን፣ ኑህን፣ ታደለችንና የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋን ትሩፋትን ቢሮ ሰበሰበ።

«አሸዋው ላይ የጎማዋን ዱካ አየሁ። የሰካራም ዱካ ይጠማዘዛል። ይሄ ቀጥ ያለ ነው፤ ግን ስንዝር ይታያል፣ ስንዝር ይጠፋል። ጎማው ይዘል ነበር።»

«መንገዱ ነዋ!» አሉ ሣህሉ።

«መንገዱ ድሮም ነበር። የተገለበጠችዋን መኪና አሞርቲዛቶሪ በጥፍሬ ፋቅሁት። ላዩ አዲስ ቀለም፣ ሥሩ የደረቀ ዘይት። አሮጌ ነው፤ ተቀብቶ ነው። መኪናዋ መዝለል የጀመረችውም ይሄ ከገባላት ወዲህ ነው።»

ትሩፋት መሬት መሬት አየች።

«አዲሶቹስ የት ገቡ? በግቢው የአምቡላንሷ ዓይነት መኪና አንድ ብቻ አለ፤ የጓድ ሣህሉ። ጠዋት ኋላዋን ተጭኜ ለቀቅሁት። አንዴ ተነሥታ፣ ሳትዘል ቀጥ አለች። የዘጠኝ ዓመት መኪና!»

«በተፈጥሮዋ ጨዋ ናት» አሉ ሣህሉ።



ኃላፊው ወረቀት አወጡ። «አዲሶቹ አምቡላንሷ ላይ እንደነበሩ ሦስታችን እንፈርም፤ ነገሩም ያብቃ።» ፈረሙ። ትሩፋትም ታደለችን ሳታይ ፈረመች። እስክሪብቶው ኑህ ዘንድ ደረሰ።

ኑህ ታደለችን አየ። እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ መፍቻ አንሥቶ ወጣ። በመስኮቱ ሲያዩት ካርቶን አንጥፎ በኋላ ጎማው በኩል ከሣህሉ መኪና ሥር ገባ። የሚላላው ብሎን ጩኸት ቢሮው ድረስ ተሰማ።

ምን እየፈታህ ነው ብሎ የጠየቀው የለም።