ስድስቱ የባትሪ ድንጋዮች

መምህር ሙላት በ1978 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አርብ ገበያ በምትባለው የገጠር ከተማ በቀበሌው አዳራሽ ወለል በአፉ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈጥርቋል። ከአጠገቡ ደም የነካው ዘነዘና ወድቋል። ከራሱ በላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የኪነት ቡድኑ ቴፕ ተቀምጧል።

አዳራሹ መስኮት ስለሌለው የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ዋለ የእጅ ባትሪውን አብርቷል። ብርሃኑ የግድግዳውን ጭቃና በጭቃው ውስጥ ያለውን ገለባ ሳይቀር ለይቶ ያሳያል።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አላት የፍርድ ሸንጎዋን ዳኛ ወይዘሮ ካሣነሽን። «ገዳይዋ አመተ ማርያም ናት፤ አስሬያታለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ከንፋስ መውጫ ይመጣል፤ ጭኗት ይሄዳል። አለቀ።»

«ስድስት ሰዓት እስኪሞላ አላለቀም።»

«ሸንጎ የአጥር ክርክር ነው የሚያይ።»

«ሬሳው የወደቀው በእኔ ቀበሌ ነው። ባትሪህን ወደዚህ ያዝልኝ።»

ካሣነሽ አርባ አምስት ዓመት አልፏታል። ፊደል የቆጠረችው ገና በቅርቡ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ጨው ሸጣለች። አሸዋ የተቀላቀለበት ጨው ሊያቀብላት የሞከረ ነጋዴ ሁለተኛ አይሞክርም። አሁንም ሬሳውን ካየች በኋላ ቴፑን በጀርባው ገለበጠችው። የድንጋዮቹ ክዳን ተከፍቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ካሴቱ ግን ከነበረበት አልተነካም።

ይህ ካሴት አገር ያወቀው ነበር። አመተ ማርያም በየአውድማው እየዞረች ስትዘፍን፣ ሙላት ስድስት ዓመት ሙሉ ቴፕ ተሸክሞ ተከትሏታል። ሠላሳ ዘፈን ቀድቷል። ሌላ ግልባጭ የለውም፤ በቀበሌው ሁለተኛ ቴፕ የለምና። ሐሙስ ማታ ሕዝቡ ተሰብስቦ ከጥግ እስከ ጥግ ሰማው። ቅዳሜ ወደ ደብረ ታቦር ለውድድር ሊላክ፣ አርብ አሥር ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሲከፈት ዘፈኑ የለም። ጉርምርምታ ብቻ ሆነ፤ መጨረሻው ላይ ግማሽ ዘፈን ቀረች። ሰው ሁሉ «ቴፑ በላው» አለ።

አመተ ማርያም ከአዳራሹ ኋላ ከግራር ግንድ ጋር ታስራለች።

«እርስዎም ሊፈርዱብኝ መጡ?»

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። ትናንት ገበያ መሐል ሙላትን ምን አልሽው?»

«ስድስት ዓመቴን በላህ፣ አንተንም የሚበላህ አይጣ አልኩት። አልክድም።»

«ዘነዘናው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። ከደጄ ነው ውሎ የሚያድር። ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያየዋል።»

«ገደልሽው?»

«ብገድለው እዚያው ገበያው መሐል፣ ሰው እያየኝ ነበር የምገድለው። እኔ ምን ተደብቄ የሠራሁት ነገር አለ?»

«ዘፈኖቹን መልሰሽ ማለት አትችይም?»

«በሬው ሲዞር የመጣልኝን ነው የምል። እህሉ ሲገባ እሱም ይሄዳል። ሠላሳውን ቁሚና በይ ቢሉኝ ሦስቱን አልል።» ወደ መሬት ምራቋን ተፋች። «ሐሙስ ማታ ሙላት አንዲቱን እናውጣት፣ የከፋው ሰው አለ አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም። ከአፌ የወጣውን አንዲት ቃል አትነካም አልኩት። አልነካም አለ። ይኸው፣ ሁሉንም አጣሁት።»

ካሣነሽ ወደ አዳራሹ ስትመለስ የኅብረት ሱቁ ሠራተኛ ፈንታሁን ባዶውን ቴፕ ታቅፎ ይጮኻል።

«ድንጋዮቼ የሉም! ስድስቱም የሉም!»

«ሰው ሞቶ አንተ ድንጋይ ትቆጥራለህ?»

«ሙላትን ፈርሜ አልተረከብኩም እትዬ፤ ድንጋዮቹን ግን ፈርሜያለሁ! በያንዳንዳቸው ቂጥ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቻለሁ።»

«ከሐሙስ ማታ እስከ አርብ አሥር ሰዓት የት ነበሩ?»

«ሱቅ ተቆልፎባቸው። ቴፑና ካሴቱ ግን እዚሁ ቁልፍ በሌለው አዳራሽ ነው የሚያድሩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። እኔ ደግሞ አርብ ቀኑን ሙሉ ስኳር ሳከፋፍል ነው የዋልኩ፤ አገር ተሰልፎ ሲሰድበኝ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ አመጣሁና ቴፑ ውስጥ ከተትኳቸው። ሙላት አንዴ ልድገመው ብሎ ብቻውን ሲቀር ትቼለት ወጣሁ።»

ባንቺዓለም ከአመተ ማርያም በፊት የኪነቱ ቀዳሚ ዘፋኝ ነበረች። ከጥበቃዎቹ ቤት ፊት ለፊት ትኖራለች። ካሣነሽን ከደጇ አላስገባቻትም።

«ዘፈኑ ሲጠፋ ደስ ብሏታል ይላሉ፤» አለቻት ካሣነሽ።

«ብሎኛል። ስድስት ዓመት ስሟን ሲያነሡብኝ ኖረዋል። ለሙላት ግን አለቅሳለሁ፤ እኔን ገዳይ ሊያደርጉኝ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።»

«ቴፕ መክፈት ታውቂያለሽ?»

«ማን የማያውቅ አለ? ሐሙስ ሐሙስ እየተፈራረቅን ነው የምንከፍት። ድንጋይ እንደሁ ያለኝ የሬዲዮኔ አራት ነው፤ ቴፑ ስድስት ይበላል። ድንጋይ የፈለገ ዋለን አይጠይቅም? ትናንት ጠዋት የሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ስድስቱን፣ የጥበቃዎቹ ቤት ካብ ላይ፣ ፀሐይ ያነቃቸው እንደሁ ብሎ፣ እንደ በርበሬ አስጥቶ ሲያገላብጥ ነበር። ኃላፊ ተብዬው! ሐሙስ ማታ ባትሪው ጠፍቶበት ቤቱ ያደረስኩት እኔ በክብሪት ነኝ።»

ካሣነሽ አመስግናት ሄደች። መንገድ ላይ ከጥበቃዎቹ ቤት አጠገብ ያለውን ካብ አየችና ቆመች። ከዚያ ፈንታሁንን ይዛው አዲስ ድንጋይ ከሱቅ አስወጣችው። እየተነጫነጨ አወጣ። ቴፑን ከፍታ፣ ጆሮዋን ደግና ሰው ሁሉ የናቀውን ጉርምርምታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሰው በአዳራሹ ተሰበሰበ። ሬሳው ወደ ቤቱ ተወስዷል። መኪናውም ደርሶ ፖሊሱ አሥር አለቃ ማስረሻ ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ደም ባለበት ቤት ጠመንጃ አይገባም፤» ብላ ካሣነሽ የጥበቃዎቹን መሣሪያ ሁሉ በር ላይ አስቀመጠች። ዋለ እያጉረመረመ አስቀመጠ።

«መጀመሪያ ይህን ስሙ፤» አለችና ካሴቱን ከፈተች። «ምንድነው?»

«ወፍጮው ነው!» አለ አንዱ።

«ወፍጮው ነው። ቴፑ አልበላውም፤ ሰው ነው ያጠፋው። መቅጃውን ተጭኖ ተቀመጠ፤ ቴፑም ዘፈኑን እያጠፋ የአካባቢውን ድምፅ ቀዳ። ወፍጮው በነዳጅ እጥረት አርብ ብቻ ነው የሚፈጭ። ስለዚህ የጠፋው ትናንት፣ ገበያው ሲደምቅ ነው። አሁን ወደፊት ልውሰደው።»

ወፍጮው ዱክ፣ ዱክ ማለቱን ትቶ እንደሚጋልብ ፈረስ ዱክዱክዱክ አለ።

«ይህ የኛ ወፍጮ ነው? እየቆየ ለምን ፈጠነ?»

«ነዳጅ ጨምረውለት ይሆናላ!» አለ ዋለ። «የሞተ ሰው አለን፣ አንቺ ወፍጮ ታሰሚናለሽ።»

«ጥሩ። እንግዲያው እንሞክረው።» ከነጠላዋ ጫፍ ስድስት ድንጋይ ፈታች። «እነዚህን ዛሬ ካብህ ላይ ተሰጥተው አገኘኋቸው።» በቴፑ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ሌላ ካሴትም አስገባች። «ስምህንና ሥራህን ተናገር።»

«ዋለ እባላለሁ፤ የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነኝ፤ ይህን ቀልድሽን ደግሞ ትከፍይበታለሽ!»

ድንጋዮቹን አውጥታ አዲሶቹን አስገባችና አሰማችው። የዋለ ድምፅ እንደ ጫጩት እየጮኸ እየተጣደፈ ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዋለ ብቻ አልሳቀም።

«ድንጋይ ሲደክም ቴፑ ቀስ ብሎ ይዞራል፤» አለች ካሣነሽ። «ቀስ ብሎ የቀዳው በደህና ድንጋይ ሲሰማ ይሮጣል። ያጠፋው ሰው የያዘው ድንጋይ የደከመ ነበር፤ እየባሰበት ሄደና መጨረሻ ላይ ሞተ። ግማሽ ዘፈን የተረፈችውም ለዚህ ነው። ፈንታሁን ቢሆን ደህና ድንጋይ በእጁ አለ። ባንቺዓለም አራት ነው ያላት። አመተ ማርያም አንድም የላት፤ ስድስት ዓመቷንም በገዛ እጇ አታጠፋም። ስድስት ደካማ ድንጋይ ያለው አንድ ሰው ነው።»

«ድንጋይ ማስጣት ወንጀል ሆነ?» አለ ዋለ።

«አልሆነም። ትናንት ግን ሰው ከወጣ በኋላ ሙላት ደግሞ ሰማው። ቴፕ ያውቃል፤ ወፍጮው ሲሮጥ ገባው። ዘፈን ይውጣልኝ ብሎ የለመነውም ማን እንደሆነ ያውቃል። አንተን ጠየቀህ። ጠዋት ለደብረ ታቦር ሰዎች እናገራለሁ ሳይልህ አልቀረም። ዘነዘናውን ከደጇ ያነሣኸው እሷ በገበያ ስትረግመው ስለሰማህ ነው። ካሴቱን ባዶ ነው ብለህ ተውከው። የቴፑን አዳዲስ ድንጋዮች ግን መተው አልቻልክም፤ ድንጋይ በጠፋበት ዘመን ማን ይተዋል? ሐሙስ ማታ ቤትህ በክብሪት ነው የገባህ። ዛሬ ጠዋት በዚህ ቤት ገለባ ስታስቆጥረኝ ነበር። ባትሪህን ስጠኝ።»

ዋለ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ የራሱ ጥበቃዎች ቆመዋል፤ ከመካከላቸው መንገድ የለቀቀለት የለም። ፈንታሁን ባትሪውን ከወገቡ ነጥቆ ከፈተው። ሦስት ድንጋይ መዳፉ ላይ ወደቀ፤ የሦስቱም ቂጥ ቀይ ነው።

«የኔ ናቸው!» አለ ፈንታሁን። «ሦስቱስ የት ናቸው፣ አንተ ሌባ?»

«ቤቱ ባለችው በሁለተኛዋ ባትሪ ውስጥ ፈልግ፤» አለች ካሣነሽ።

ዋለን አስረው የአመተ ማርያምን ገመድ ፈቱላት። ጠዋት ሲያስሯት የተመለከቱት ሴቶች «እሰይ፣ እሰይ» እያሉ ተጠጓት፤ ገፍታቸው አለፈችና ወደ አዳራሹ ገባች። አሥር አለቃ ማስረሻ ግን ብዕሩን አልከደነም።

«ሁሉንም ለምን አጠፋ? ያስፈራችው አንዲቱ አይደለችም?»

«አንዲቱን ለይቶ ማጥፋት አላወቀማ፤» አለች ካሣነሽ።

«የዘፈኗ ቃል ካልተጻፈ ምክንያት የለውም ይሉኛል። ምን ትል ነበር?»

አመተ ማርያም አፏን ከፈተች፤ ምንም አልመጣላትም። ዳግም ሞከረች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እኔ አውቃታለሁ፤» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። ማንአለሽ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇን አምና እነዋለ ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱባት። «ሐሙስ አንዴ ነው የሰማኋት፤ የልጄ ነገር ስለሆነ ቀረችብኝ።» ከፖሊሱ ፊት መጥታ ቆመችና ያለ ዜማ፣ ደረቅ አድርጋ አለችው፦

«የዋለ ልጅ እስቴ ጥጃ ይጠብቃል፣
የማንአለሽ አንዱ ጦር ሜዳ ይሄዳል።»

ዋለ የራሱን ልጅ ከውትድርና አሽሽቶ እስቴ አገር እንደደበቀው ለፖሊሱም ገባው። አመተ ማርያም ዘወር አለች። እሷ የዘፈነችው «ጦር ሜዳ ይወድቃል» ብላ ነበር። አሁን መጣላት፤ የግጥሙም ቤት የሚመታው በዚያ ነው።

«እንደሱ አላልኩም...» ብላ ጀመረች፤ ማንአለሽን አየቻትና አቋረጠች።

ፖሊሱ ቀና አለ። «ምን ነበር ያልሽ?»

«እንዳለችው ጻፈው፤» አለች አመተ ማርያም።